እናቴ አንቱ ያለችኝ ወራት

ክርስትና የተነሳሁት በ40 ቀኔ ነው። ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ነው ሥርዓቱ። የክርስትና ስሜም በ«ወልደ» ይጀምራል። ያን ቀን እኔን ማን ጠየቀኝ?

ያደግኩት ጎንደር ነው። የሰፈሬን ስም አልጽፍም፤ እናቴ አሁንም እዚያው ናት። ጎንደር ትልቅ ከተማ ናት ይላሉ። ለእኔ ግን ከቤታችን እስከ ፒያሳ ያለች አንዲት መንደር ነበረች። ዘይት ግዛ ተብዬ ስላክ፣ ዘይቱ ሳይደርስ አረማመዴ ቤት ይደርሳል።

ነሐሴ 13፣ ለቡሄ፣ ጅራፍ ይሰጠኛል። የእኩዮቼ ጅራፍ ሲጮህ ጋራው ይመልሳል። የእኔ የሚመታው የራሴን ጆሮ ነው። «ሆያ ሆዬ» ሲባል ከኋላ ሆኜ አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ሙልሙሉን ግን ከማንም አላነሰ እበላለሁ። ልቤ ያለው እንቁጣጣሽ ላይ ነው። ሴቶቹ አደይ ይዘው «አበባየሆሽ» ሲሉ። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ የአክስቴን ልጅ ነጠላ ደርቤ ከመካከላቸው ገባሁ። ሦስት ቤት ዞርን። አራተኛው ቤት ያሉት ጋሼ አወቁኝና ጆሮዬን ይዘው መለሱኝ። ቢሆንም ሦስት ቤት ዘፍኛለሁ።

አማርኛ ስለ ራሴ ሳወራ አያስቸግረኝም። በላሁ፣ ሄድኩ፣ ደከመኝ፤ ወንድ ሴት የለውም። ጣጣው የሚመጣው ሌላ ሰው ሲጠራኝ ነው። ና ወይስ ነይ? ልጅ ሳለሁ እማዬ «አንቺ» ትለኝ ነበር። እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ እናቶች ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ እያሉ ያቆላምጣሉ። ሲያመኝ «ነይ የኔ ዓለም» ትለኛለች። እኔ ማቆላመጥ መሆኑን አላወቅኩም። የገባት መስሎኝ ነበር። ከዚያ እንቁጣጣሽ በኋላ አባዬ «ተይ፣ ልጁን ታበላሽዋለሽ» አላት። ከዚያ ወዲያ አንተ ሆንኩ።

ትምህርት ቤት ሌላ ስም አወጡልኝ፤ «ሴታሴት»። ስለ ዱላው ብዙ አልጽፍም። 16 ዓመቴ ላይ ጠበል ተወሰድኩ። ክፉ አልሆኑብኝም፣ ብርዱ ነው የከበደኝ። አጥማቂው ልጁ ምን ሆኖ ነው ሲሏት፣ እማዬ «ያዝናል» ብቻ አለቻቸው። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም። ያኔ ተናድጄባት ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያ የተሻለ ምርመራ ያደረገልኝ ሰው የለም።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የሚቀጣው በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ነው። እንደ እኔ ያለውን ሰው ስሙን ጠርቶ የሚለው ነገር የለም። መንገድ ላይ የሚደበድብሽ ሰው ግን አንቀጽ ቆጥሮ አይደለም።

በ2011 ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ የሌላ ቀን ወሬ ነው። ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ገባሁ። የጥገኝነት ቃለ መጠይቄ ቀን አስተርጓሚው ሐበሻ ሆኖ አገኘሁት። ቃሌ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ዛሬ የሰማውን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢያወራውስ? ጠያቂዋ «ትራንስ» ስትል፣ ሲወለድ ከተባለው ጾታ ሌላ የሆነ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ማለቷ ነው፣ ሰውየው የአማርኛ ቃል ፈለገ፣ ፈለገ፣ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሴታሴት» አለኝ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ያው ስሜ ቀድሞኝ ደርሷል! ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሰውየው ራሱ አብሮኝ ሳቀ።

ወረቀቴን አገኘሁ፣ ቆይቼም ሆርሞን ጀመርኩ። ኢስትሮጅን የሚሉት የሴት ሆርሞን ቆዳ ያለሰልሳል፣ የሰውነትን ቅርጽ ቀስ እያለ ይለውጣል። ድምፅን ግን አይነካም። በጉርምስና የወፈረ ድምፅ በኪኒን አይቀጥንም፤ የሚለወጠው በአብዛኛው በልምምድ ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ቪዲዮ የለም፣ ቴሌግራም የለም። በካርድ እየደወልኩ ለወራት ድምፅ ለድምፅ ብቻ ነበርን። ለእማዬ ያው የድሮው ልጇ ነኝ። እኔ ደግሞ በየወሩ መስታወት ፊት ሌላ ሰው እየሆንኩ ነው። እውነቱን ልናገር፣ መቋረጡ ተመችቶኝ ነበር። አገር በጦርነት እየታመሰ ይህን ማለት ያሳፍራል።

ኔት ሲመለስ እህቴ ቪዲዮ ደወለች። እሷ ታውቃለች። እማዬ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ያዘችው፤ ግንባሯ ብቻ ይታየኛል። ዝም። ብዙ ዝም። ከዚያ «ፀጉርዎ ደርቋል» አለች።

ፀጉርዎ! የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። በሳምንቱም «ምሳ በልተዋል?» አለችኝ። «ብርድ እንዳይመታዎት።» በ30 ዓመቴ የሰፈር ሽማግሌ ሆንኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። አንቱ ወንድ ሴት አይልም። እማዬ ሰዋስው የሚባል ነገር ተምራ አታውቅም፤ ግን አንተ ማለት ሲያቅታት፣ አንቺም ሲከብዳት፣ የምታርፍበት ቦታ ከዚያው ከአፏ አገኘች።

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ ስምና ጾታን በመዝገብ ቤት በራስ ቃል ማስቀየር ተፈቀደ፤ ከሦስት ወር በፊት ማስታወቅ ነው። የሐኪም ማስረጃ፣ ፍርድ ቤት የለም። ስም አስገቢ ተባልኩ። እማዬን ጠየቅኳት። «እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ ዘጋችው። በሁለተኛው ቀን ራሷ ደወለች። «ያን ወልደ የሚለውን፣ ወለተ ቢያደርጉትስ?» ካህናቱ ምን ይላሉ ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷም አላነሳችውም።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የወንዶቹ ጎን ወይስ የሴቶቹ ጎን ልቁም እያልኩ ደጅ ላይ አስቀድሳለሁ። አባዬ ስልኬ ሲጠራ በረንዳ ይወጣል። ጎረቤት ከገባ እማዬ ቪዲዮውን ታጠፋለች። አልፈርድባትም። እኔ ስልኩን ስዘጋ ፍራንክፈርት ነኝ፣ እሷ ግን በማግስቱ እድር ትሄዳለች።

በቅርቡ አንድ ሰው ከጎንደር ሲመጣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጀች። «ለፀጉርዎም ቅቤ ልላክ» አለች። የወተት ነገር በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፣ ጉምሩክ ይጥለዋል አልኳት።

«ቅቤ ይጥላሉ?»

«ይጥላሉ።»

«የጎንደር ቅቤ?»

በእኔ ጉዳይ እንኳ እንዲህ ስትናደድ አላየሁም። ለብቻዋ ስታጉተመትም ቆየችና «እንግዲያው ቫዝሊን ተቀቢ» አለች። «ማታ ማታ። ሻሽም እሰሪበት።» ከዚያ የበርበሬ ዋጋ የት እንደደረሰ ትነግረኝ ጀመር።