ከባዱን ድምፅ በትንሽ ገንዘብ፦ የዱም ሜታል ጊታሬን እንዴት እንዳዘጋጀሁ

ሜታል ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት ፍጥነትና ጩኸት ነው። ዱም የሚባለው የሜታል ዓይነት ግን ቀርፋፋ ነው። ድራሙ በደቂቃ ስልሳ ምት አካባቢ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ከዚያም ያንሳል። ጊታሩ አንዴ ይመታና ድምፁ እስኪከስም ይጠብቃል። አንድ ዘፈን አሥር ደቂቃ ቢወስድ የሚደነግጥ የለም።

በዐቢይ ጾም በገና እየሰማሁ ስላደግኩ ይህ ዝግታ እንግዳ አልሆነብኝም። የበገና መምህራን ይቅር ይበሉኝና፣ ድምፁም ቢሆን ብዙ አይርቅም። በገና እንደዚያ የሚነዝረው እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች በአሥሩ ክሮች ሥር ስለሚገቡ ነው። ክሩ ቆዳውን እየነካ ዝዝዝ ይላል። የዱም ጊታሪስት ያንን ንዝረት በፈዝ ፔዳል ያመጣዋል፤ በእግር የሚረገጥ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር ትንሽ ሣጥን ነው። ግጥሙ ሌላ፣ ቦታውም ሌላ ነው። ጆሮዬ ግን አልለያቸውም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሐበሻ የሞላበት ይህ አካባቢ የአሜሪካ ዱም አንዱ መፍለቂያ መሆኑን የነገረኝ ድራም የሚመታ የሥራ ባልደረባዬ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፔንታግራም የሚባለው ባንድ የተመሠረተው በ1971 እዚሁ አጠገባችን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ዊኖ የሚባለው ስኮት ዋይንሪክ ዘ ኦብሰስድ የሚባለውን ባንዱን ይዞ የተነሣው ከሜሪላንዷ ፖቶማክ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ አልፍሬድ ሞሪስ ሦስተኛው ነው። አይረን ማን የተባለው የሜሪላንድ ባንድ ጊታሪስት ነበር፤ ጥቁር ሰው ነው። በ2018 እስኪሞት ድረስ ይህን ሙዚቃ አልለቀቀም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዘ ኦብሰስድንና የአይረን ማንን አልበም ያሳትምላቸው የነበረው በርሊን ያለ ሄልሃውንድ የሚባል ኩባንያ ነበር። የጎረቤት ሙዚቃ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው የታተመው።

አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ሆላንድ ውስጥ ሮድበርን ፌስቲቫል ከ1999 ጀምሮ አለ። ዴዘርትፌስት በ2012 ለንደንና በርሊን ላይ ተጀመረ። በ2015 ደግሞ ፍሬድሪክ ከተማ ላይ ሜሪላንድ ዱም ፌስት መጣ። በ2025 መጀመሪያ የፔንታግራሙ ዘፋኝ ቦቢ ሊብሊንግ መድረክ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ የሚታይበት ቪዲዮ ቲክቶክን አጥለቀለቀው። ሊስቁ የመጡ ልጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሙዚቃውን ወደው ቀሩ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የዚህ ሙዚቃ መነሻ የሆነው የእንግሊዙ ባንድ ብላክ ሳባት በትውልድ ከተማው በርሚንግሃም የመጨረሻውን ኮንሰርት አቀረበ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ሞተ። ያን ሰሞን ጊታር የነካ ሁሉ የእነሱን ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣውን የጊታር ዜማ) ይሞክር ነበር።

ይህ ሁሉ ዕቃ አስወደደ። የድሮ ሰን ሞዴል ቲ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ዛሬ በሺዎች ዶላር ነው የሚሸጠው። ሰን ኦሬገን ውስጥ ይሠራ የነበረ የአምፕ ስም ነው፤ Sunn O))) ተብሎ የሚጻፈው ባንድ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ገንዘብ የለኝም። የምኖረውም አፓርታማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ከዚህ ድምፅ ውስጥ ክብደቱን የሚያመጣው የትኛው ክፍል ነው? ለእሱ ብቻ ልክፈል።

መጀመሪያ ገንዘብ ያወጣሁት ክር ላይ ነው። የሰው ዓይን ወደ ፔዳል ይሮጣል። ክብደቱ የሚጀምረው ግን ከቅኝቱ ነው። ታሪኩ ከብላክ ሳባቱ ጊታሪስት ከቶኒ አዮሚ ይነሣል። በ17 ዓመቱ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንበት እጁ ያ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ላዩን ቆዳ አለበሰው። ቀጫጭን ክር ገጠመ። በ1971 አልበማቸው ላይ ደግሞ ጊታሩን በሦስት ግማሽ ቶን ዝቅ አደረገው፤ ግማሽ ቶን ጊታር ላይ የአንድ ፍሬት ርቀት ነው። ክሩ ሲላላ ለጣቱ ቀለለው፣ ድምፁም ከበደ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ጤነኛ ጣት ይዘው ተከተሉት።

እኔ አራት ግማሽ ቶን ወርጄ ሲ (C) የምትባለው ኖታ ላይ ቆምኩ። ወፍራሙ ክር ከ82 ኸርዝ ወደ 65 ኸርዝ ይወርዳል ማለት ነው። ችግሩ ውጥረቱ ነው። ክር በዚህን ያህል ሲወርድ ውጥረቱ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ ተገጥሞ የሚመጣው ከ10 እስከ 46 ያለው ክር (ቁጥሩ ውፍረቱ ነው፣ በሺኛ ኢንች) ሲ ላይ ልፍስፍስ ይላል። ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት መጀመሪያ ወደ ላይ ያፈነግጣል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። በቀርፋፋ ሙዚቃ ይህ በደንብ ይሰማል፤ የሚሸፍነው ሌላ ድምፅ የለማ። ሒሳቡን ብትሠሩት 46 የነበረው ክር ወደ 58 መጠጋት አለበት። ከ12 እስከ 56 ያለው ጥቅል በቀላሉ ይገኛል፣ ዋጋውም ከምሳ አይበልጥም። እሱን ገጠምኩ።

ክር ብቻ ቀይሮ መሄድ ግን አይበቃም። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ነት አለ። ወፍራሙ ክር በጠባቡ ቦይ ውስጥ ስለሚቀረቀር ቦዩን በቀጭን ሞረድ ማስፋት ያስፈልጋል። ከዚያ ኢንቶኔሽኑ ይስተካከላል፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ስትመቱ ልክ አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት። ካላለ ድልድዩ ላይ ያለውን ብሎን ማዞር ነው። ይህን ሥራ ጊታር ጠጋኝ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ከየትኛውም ፔዳል በላይ ድምፄን የቀየረው ይህ ነው።

ጊታሩ ያገለገለ ኤፒፎን ኤስጂ ነው። ቀንድ ያለው ቅርፁን ስለምወደው መረጥኩት ብል ውሸት አይሆንም። ሌላው ምክንያት ግን ሀምበከር ነው። ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን እምምም የሚል ድምፅ ያጠፋል። ፈዝ ሲጨመርበት ትንሹ እምታ ትልቅ ስለሚሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አምፕ ላይ ስንመጣ ወሬው ብዙ ነው። የዱም ወዳጆች ኦሬንጅ፣ ማትአምፕ፣ ሌኒ፣ ሰን ይላሉ። የሚወደዱት ሞዴሎቻቸው በአብዛኛው የድሮ ሬዲዮ ውስጥ እንደነበረው ዓይነት ቲዩብ ያላቸው ናቸው፤ ድምፃቸው በእውነት ያምራል። ግን ሜልቪንስ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ባዝ ኦዝቦርን ለዓመታት የተጫወተበት ሰን ቤታ ሊድ ቲዩብ የለውም፤ ትራንዚስተር ነው። ይህን ሳውቅ ተዝናናሁ። የገዛሁት ያገለገለ የትራንዚስተር ቤዝ አምፕ ነው። ቤዝ አምፕ ለጊታር መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። ሰንን ራሱን የመሠረተው ለባንዱ የሚበቃ ድምፅ ያጣ ቤዝ ተጫዋችና ወንድሙ ናቸው። የማርሻል የመጀመሪያ አምፕም የተቀዳው ከፌንደር ቤዝ አምፕ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ቤዝ ካቢኔት (የስፒከር ሣጥን) ላይ ቀጭን ድምፅ የምታወጣ ትዊተር ካለች አጥፏት። ፈዝ በእሷ ሲወጣ ጆሮ ይበሳል።

ዋት አያታላችሁ። መቶ ዋት ከሃምሳ ዋት የሚበልጠው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ጥሩ ስፒከር ከመጥፎው በ3 ዴሲቤል ቢበልጥ ዋቱን እጥፍ እንዳደረጋችሁት ቁጠሩት። ስለዚህ ትልቁን ሒሳብ ስፒከር ላይ አዋልኩት።

ቀጥሎ ፈዝ። የሚመለከው ቢግ መፍ ነው፤ ማይክ ማቲውስ ኒውዮርክ ላይ በ1969 ያወጣው። ቤት ውስጥ ለብቻችሁ ስትጫወቱበት ግድግዳ ያክላል። ባልደረባዬ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ከድራምና ከቤዝ ጋር ስሞክረው ግን ጊታሩ ጠፋ። ምክንያቱ ሰርኪዩቱ ነው፤ መካከለኛውን ድምፅ ይጎደጉደዋል። ጊታር ከሌሎቹ መሣሪያዎች ነጥሮ የሚሰማው በዚያው በመካከለኛው ነው። ለባንድ የተሻለው ራት (Rat) የሚባለው ፔዳል ሆኖ ተገኘ። በ1978 ካላማዙ፣ ሚሺጋን የተወለደ፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ጥቁር ሣጥን ነው። ፊልተር የሚለው ቁልፉ ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ ይጨልማል፤ ከሌላው ፔዳል ተቃራኒ ነው።

ገንዘብ ለሌለው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ቦስ በ1990ዎቹ ኤፍዜድ-2 የሚባል ፈዝ ሠርቶ ቶሎ አቆመው። ዛሬ አሮጌውን የሚያሳድደው ብዙ ነው። የቤሪንገር ኤስኤፍ300 የእሱ ቅጂ ነው፤ አዲሱ ሠላሳ ዶላር አካባቢ ነው። ሣጥኑ ፕላስቲክ ነው፣ በእግር ሲረገጥ ያሳዝናል። ድምፁ ግን አያሳፍርም። እኔ ራቱንና እሱን ይዤ ቀረሁ።

ቁልፎቹን እንዴት እንዳስቀመጥኩ ለሚጠይቅ፦ የአምፑ ቤዝ ከግማሽ በታች፣ ሚድል ከፍ፣ ጌይን (ድምፁን የሚያሻክረው ቁልፍ) ሰዎች ከሚያስቡት በጣም ያነሰ። ጌይን ሲበዛ ኖታው አንድ ላይ ይላቆጣል። ከታች ያለውን ጉልበት ለቤዝ ተጫዋቹ ተዉለት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመቱ ሰሚው ከጊታሩ የመጣ ይመስለዋል፤ ቤዝ ተጫዋቾች በዚህ ሲናደዱ ኖረዋል።

ዕቃው ሲሟላ የሚጫወት ነገር ጠፋ። የሰማሁትን መኮረጅ ሰለቸኝ። ያን ጊዜ አንቺሆዬ ትዝ አለኝ። ከሲ ስትነሡ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ከመነሻው እስከ አራተኛው ድምፅ ስድስት ግማሽ ቶን አለ። ትራይቶን የሚሉት ያ ነው፤ ብላክ ሳባት በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተበት፣ ዱም ሁሉ የተሠራበት ርቀት። ማሪያም! ሠርግ ቤት ስንሰማው ያደግነው ቅኝት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጊታሬ ሲ ላይ ስለተቃኘ ባዶው ወፍራም ክር መነሻው ሆነ። አራቱን ድምፆች በዝግታ ደረደርኳቸው፣ ፈዙን ከፈትኩ። ድራም የሚመታው ባልደረባዬ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለ። ጎንደርና ወሎን ማስረዳት ጊዜ ስለሚወስድ «ከቤት» አልኩት። ትዝታ ማይነር ላይም ሞከርኩ፤ ያምራል፣ ግን ወደ ብሉዝ ያዘነብላል። እንደ አንቺሆዬ የሚያስፈራ የለም።

አፓርታማው ውስጥ ግን ይህን ሁሉ በጆሮ ማዳመጫ ነው የማደርገው። ምክንያቱ ከታች የሚኖሩት እናት ናቸው፤ አንድ እሑድ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ደኅና ነህ? ሳህኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«ይቅርታ እማማ፣ ጊታር ነው።»

«ጊታር?» አሉ፤ ወደ ውስጥ አየት አደረጉ። «እኔስ ቧንቧ መስሎኝ።»

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ላፕቶፕና ነፃ የአምፕ ሶፍትዌር ናቸው የሚሠሩት። ወፍራም ድምፅ ግድግዳና ወለል አይዘውም፤ ቮልዩም ብትቀንሱም መሬት ለመሬት ይሄዳል። ካቢኔቱ የሚኖረው ባልደረባዬ ቤዝመንት ነው። እዚያ ስንጫወት የጆሮ መሰኪያ የግድ ነው። በአሜሪካ የሙያ ጤና መመሪያ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀራችሁ ሩብ ሰዓት ነው። የዱም አንድ ዘፈን ያንን ሊጨርሰው ይችላል።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ አምፕ ላክልኝ ብሎኛል። ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ የነገርኩትን ልጻፈው። የአሜሪካ አምፕ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ አዲስ አበባ 220 ነው። ከጀርባው የቮልት መቀየሪያ ያለው ካልሆነ ቀጥታ ስትሰኩት ይቃጠላል። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ስትገዙ አምፑ ላይ ከተጻፈው ዋት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚችል ይሁን። ቲዩብ አምፕ ከሆነ ስፒከር ሳይሰካ በፍጹም አይከፈት። ፔዳሎቹ ግን ዘጠኝ ቮልት ስለሆኑ እዚያው የሚገኝ አዳፕተር ይበቃቸዋል፤ መሐሉ ኔጌቲቭ መሆኑን ብቻ ጠይቁ። እኔ ለጊዜው የላክሁለት ፕላስቲኩን ኤስኤፍ300ና ሁለት ጥቅል ወፍራም ክር ነው። አምፑን እዚያው ያገለገለ ይፈልግ ብዬዋለሁ።