ስድስተኛ ሳምንት፦ ሞል፣ ባጃጅ እና የስህተት ደብተሬ

ነርሲንግ ለመግባት ጀነራል ኬሚስትሪ ስለሚጠየቅ ከ14 ዓመት በኋላ ወደ ደብተር ተመልሻለሁ። የምማረው እዚህ ሜሪላንድ፣ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ፣ ማታ ማታ ነው። ቀን ሥራ አለ። ስለዚህ ጥያቄ የምሠራው ልጆቹ ሳይነሱ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከ100 58 አገኘሁ። በጣም ከፋኝ። ኬሚስትሪው ጨርሶ አልገባኝም ብዬ ነበር። ቁጭ ብዬ የተሳሳትኳቸውን ስለቅም ግን አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ስህተት ሆነው አገኘኋቸው፦ ግራምን ከግራም ጋር አወዳድሬአለሁ።

ለምሳሌ ይህን እዩት። 40 ግራም ናይትሮጅን ከ10 ግራም ሃይድሮጅን ጋር ሲዋሃድ ስንት ግራም አሞኒያ ይወጣል? እኔ ሃይድሮጅኑ ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል ብዬ ሠራሁት። ስህተት ነው።

ነገሩ የገባኝ ከወንድሜ ጋር በስልክ ሳወራ ነው። ሐዋሳ ባጃጅ ይነዳል፤ ጎማ ተወደደ እያለ ሲያማርርልኝ ነበር። ድንገት ብልጭ አለልኝ። አንድ ባጃጅ፣ ሦስት ጎማ። አንድ ናይትሮጅን፣ ሦስት ሃይድሮጅን! ጎማ የሌላቸው 5 ባጃጆችና 12 ጎማ ቢኖሩት የሚቆሙት 4 ብቻ ናቸው። ጎማው በቁጥር ቢበልጥም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ደግሞ ጎማን በኪሎ መዝኖ ስንት ባጃጅ ይወጣዋል የሚል ሰው የለም። ይቆጠራል። ሞልም ቆጠራ ነው፤ አንድ ሞል 6.022 × 10²³ ቅንጣት ነው፣ በቃ።

እንደገና ሠራሁት። አንድ ሞል ናይትሮጅን 28 ግራም፣ ሃይድሮጅን 2 ግራም፣ አሞኒያ 17 ግራም ይመዝናል። 40 ለ28 ሲካፈል 1.43 ሞል ናይትሮጅን። 10 ለ2 ሲካፈል 5 ሞል ሃይድሮጅን። ናይትሮጅኑ ሁሉ እንዲያልቅ 1.43 ሲባዛ በ3፣ ማለትም 4.29 ሞል ሃይድሮጅን ይበቃል። ያለው 5 ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው በግራም የሚበልጠው ናይትሮጅን ነው! ከአንድ ናይትሮጅን ሁለት አሞኒያ ስለሚወጣ አሞኒያው 2.86 ሞል፣ በ17 ሲባዛ 48.6 ግራም። የተረፈው ሃይድሮጅን 1.4 ግራም ገደማ። ሁለቱ ሲደመሩ 50፣ ልክ የጀመርንበት። ይህን ድምር ሳይ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያቅተኛል። አሁን ሁሌም መጨረሻ ላይ እደምራለሁ። (ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ሙሉ በሙሉ እንደማይዋሃድ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ግን ያልቃል ብሎ ነው የሚጀምረው።)

ከዚያ ወዲህ ካልኩሌተር ከማንሳቴ በፊት ጥያቄውን በአማርኛ፣ ድምፄን አውጥቼ እናገረዋለሁ። «ማን ቀድሞ ያልቃል? ማን ይተርፋል?» የፈተናው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም ጭንቅላቴ የሚያስበው በአማርኛ ነው፤ ለምን እታገለዋለሁ?

ማቅጠን ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት ነበረብኝ። 25 ሚሊሊትር ባለ 2 ሞላር (በሊትር 2 ሞል ያለው) አሲድ ወደ 0.5 ሞላር ይቅጠን ሲል 100 ሚሊሊትር ውሃ ይጨመራል ብዬ ጻፍኩ። 100 ጠቅላላው ነው። የሚያስፈልገው ውሃ 75 ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ አሲዱ ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው፣ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም፤ ይህን በቀይ ጻፉት።

ስህተቶቼን የማሰፍርበት ትንሽ ደብተር አለኝ። ጥያቄውን ሙሉውን አልገለብጥም፤ የሳትኩበትን አንድ መስመር ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ መልሱን ሸፍኜ እደግማቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከ20 17ቱን አገኘሁ።

ነገ ጋዝ እጀምራለሁ። 25 ዲግሪ ሴልሺየስን ወደ 298 ኬልቪን መቀየር፣ R (የጋዝ ቋሚ ቁጥር) ደግሞ 0.0821 ለሊትርና ለአትሞስፌር፣ 8.314 ለጁል መሆኑን የደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፌአለሁ። እናንተ ጋዝ ላይ የት የት ነው የሳታችሁት? ንገሩኝ፣ ከእሱ ልጀምር።