ግዙፉን ፍልፈል ሳነቴ ላይ የማይበትና የምቆጥርበት መንገድ

ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች ውጪ በዓለም የትም የለም። ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ቢችልም ዓይኖቹ አናቱ ላይ ስለሆኑ ግማሽ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ዙሪያውን ይቃኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የምፈልገው እንስሳውን ሳይሆን አፈሩን ነው።

ከጎባ ከተማ ማልዶ መውጣት ብርድ ከመጠጣት ሌላ ትርፍ የለውም። ሳነቴ የተባለው የባሌ ተራሮች አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በበጋ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ መጠበቅ ይሻላል።

ጠቆር ያለ እርጥብ አፈር የቅርብ ሥራ ነው፤ ነጣ ብሎ ቅርፊት ያበጀው አሮጌ። ፍልፈሉ የኋላ እግሮቹን ከጉድጓዱ ሳያወጣ በዙሪያው ያለውን ቅጠል በአፉ ሰብስቦ የኋሊት ይገባል። በአቅራቢያው ያለው ሲያልቅ የጉድጓዱን አፍ ከውስጥ በአፈር ደፍኖ ሌላ ይከፍታል። ብቻውን ስለሚኖር አሥር ጉድጓድ የአንድ ፍልፈል ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ቁጥር የሚያበዛው ይህን ባለማሰብ ነው።

ለቆጠራ 20 በ20 ሜትር ቦታ በገመድ እከልላለሁ። ክፍቱንም የተደፈነውንም ጉድጓድ ሁሉ በእንጨት ምልክት አደርጋለሁ፤ በማግስቱ የምመዘግበው አዲስ የተከፈተውንና አዲስ የተደፈነውን ብቻ ነው። ውጤቱ አንዱን ቦታ ከሌላው ያነጻጽራል እንጂ የፍልፈሎቹን ብዛት አይነግርም። ዝናብ በዘነበ ማግስት አሮጌውም አፈር ስለሚጠቁር ሥራውን ትቼ እመለሳለሁ። ከብት የረገጠው ቦታም አይታመንም። ጠበብ ያሉት ቀዳዳዎች የሣር አይጦች ስለሆኑ አይቆጠሩም። እጅ ማስገባት ደግሞ አይሞከርም፤ መሬት የሚቆፍርበት ጥርስ ጣትን አይምርም።

ለማየት ነፋሱ ከጉድጓዱ ወደ እኔ በሚነፍስበት በኩል 20 ሜትር ያህል ርቄ እቀመጣለሁ። ኮቴ በመሬት ውስጥ ስለሚሰማ ከተቀመጡ በኋላ መንቀሳቀስ የለም። ሙርላንድ ቻት የሚባለው ቡናማ ወፍ ጉድጓድ አጠገብ ካረፈ ትልቅ ምልክት ነው፤ ከተቆፈረው አፈር ነፍሳት ይለቅማል፣ አደጋ ሲያይም ይጮኻል። ወፉን ያስደነገጠ ሰው ፍልፈሉንም አጣው ማለት ነው።

ቀይ ቀበሮ ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ ካየሁ ቦታውን እለቃለሁ። ባሌ ውስጥ ዋነኛ ምግቡ ይኸው ፍልፈል ነው፤ እኔ ከተጠጋሁ እሱም አድኖ አይበላም፣ ፍልፈሉም ቶሎ አይወጣም።