ቱቦው ወጥቶ ኮይሉ ብቻውን ሲቆም፦ የቀላል ሰከንደሪ አጠማጠም

በትንሽ ቴስላ ኮይል (ቮልቴጅን እጅግ ከፍ አድርጎ በአየር ላይ ብልጭታ በሚያወጣ መሣሪያ) ላይ ክብደት ልቀንስ ያለ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በሰከንደሪው፣ ማለትም ከፍተኛው ቮልቴጅ በሚወጣበት ብዙ ዙር ባለው ጥምጥም፣ ሽቦ ላይ ነው። ሚዛኑ ግን ሌላ ይናገራል። የውጭ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል በ0.25 ሚሊ ሽቦ ሲጠመጠም መዳቡ 48 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ግድግዳው 2 ሚሊ የሆነ 22 ሳንቲ የፒቪሲ ቱቦ ለብቻው ወደ 90 ግራም ይጠጋል። ቱቦው ወጥቶ ሽቦው በስስ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠጥር ማጣበቂያ) ብቻ ሲቆም ጠቅላላው ከ60 ግራም እምብዛም አይዘልም። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሆነን የምንሞክር ሰዎች እስካሁን የረጋልን አሠራር ይኸው።

መጀመሪያ ቁጥሩ። ሽቦው ከነኢናሜሉ (ከሚሸፍነው ስስ ማገጃ ቅብ ጋር) 0.28 ሚሊ ገደማ ስለሚሆን በ20 ሳንቲ ውስጥ 700 ዙር ይገባል፤ 110 ሜትር ሽቦ ይፈጃል፣ ትርፍ 10 ሜትር ያዙ። በ1928 እ.ኤ.አ. በወጣው የዊለር ቀመር ሲሰላ የኮይሉ ኢንደክታንስ 5.4 ሚሊ ሄንሪ ይሆናል። አናቱ ላይ ምንም ካልተቀመጠ ሬዞናንሱ (ኮይሉ በራሱ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ) 1.1 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ኳስ ወይም ቀለበት ሲጨመርበት ይወርዳል።

ሽቦው ሞተር ከሚጠቀልሉ ቤቶች ይገኛል። ከተቃጠለ ሞተር የተፈታውን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ ኢናሜሉ በሙቀት ደርቆ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ልኩን ለማረጋገጥ እርሳስ ላይ 50 ዙር አጠጋግቶ ጠምጥሞ ስፋቱን በማስመሪያ መለካት ነው፤ 14 ሚሊ ከመጣ ትክክል ነው።

ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም መጠምጠሚያው ላይ ነው። ቱቦው እንዴት እንደሚወጣ ሽቦው ሳይነካ በፊት ማለቅ አለበት። ቱቦውን በቁመቱ በሰጌቶ በሁለት ትይዩ መስመር ቆርጣችሁ 5 ሚሊ ስፋት ያለውን ቁራጭ አውጡ። በክፍተቱ ልክ የተላገ ሽብልቅ ይገባበታል። ለዚህ የእንጅባራ ቀርከሃ የሚያህል የለም፦ ስንጥሩ ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ለስላሳ፣ ሲስቡት የማይቀነጠስ። (ቀርከሃውን ራሱን መጠምጠሚያ አድርጎ ኮይሉ ውስጥ መተው ግን አይሆንም፤ እርጥበት ስለሚይዝ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲያገኘው ያስተላልፋል።) ቱቦው ክብነቱን እንዲጠብቅ ሁለቱን ጫፎች በእንጨት ውታፍ ድፈኑ። ከዚያ ፌስታል ሳይሸበሸብ አንድ ዙር ተኩል ይጠቀለልበታል፤ ኢፖክሲ ፌስታል ላይ አይጣበቅም። በፌስታል ፈንታ ዘይት የሚቀቡ አሉ። ዘይቱ በዙሮቹ መካከል ሰርጎ ኢፖክሲው ሽቦውን እንዳይዝ ስለሚያደርግ ቱቦው በቀላሉ ቢወጣም ኮይሉ እጅ ላይ ይፈታል።

ሲጠመጠም ጉተታው ድውር እንደሚያደውር ሰው እጅ እኩል ይሁን። ሽቦውን በጥጥ ጨርቅ መካከል አሳልፋችሁ 200 ግራም የሚመዝን ነገር የሚስበውን ያህል ብቻ ወጥሩት። ከዚያ ካለፈ 700ው ዙር ተደምሮ ቱቦውን ይጨምቀውና ሽብልቁ ነክሶ ይቀራል። ሽቦው ወደተጠመጠመው ወገን ጥቂት ካዘነበለ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ጋር ራሱ ይጠጋል። በየ2 ሳንቲው በወረቀት ፕላስተር ያዝ አድርጉት፤ ሽቦው ከእጅ ቢያመልጥ የሚፈታው ያቺው 2 ሳንቲ ብቻ ትሆናለች። በዙሮች መካከል ክፍተት ቢኖር ብዙ አይጎዳም። መደራረብ ግን ይጎዳል፤ ወደኋላ ተመልሶ ሌሎች ዙሮችን የተሻገረ ሽቦ የቮልቴጅ ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ኢናሜሉ እዚያ ይበሳል። ፈትቶ መድገም ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ለዚህ ስፋት 10 ሚሊ ሊትር ያህል ኢፖክሲ ይበቃል፣ በሁለት ስስ ቅብ። የ5 ደቂቃው ዓይነት ግማሽ ሳይዳረስ ስለሚይዝ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ግዙ። በጠባብ ኩባያ አታማስሉት፤ በራሱ ሙቀት ፈልቶ ይጠጥራል፤ ሰፊ ክዳን ይሻላል። የመጀመሪያው ቅብ ቀጭን ሆኖ በዙሮቹ መካከል ይሰርጋል፣ ሁለተኛው የፊተኛው ገና ሲያጣብቅ ይከተላል። ፕላስተሩ ቅቡ ወደ እሱ ሲደርስ እየተላጠ ይሄዳል። ኢፖክሲው ወደ ታች እንዳይሰበሰብ ለመጀመሪያው ሰዓት በየጥቂት ደቂቃው ሩብ ዙር አዙሩት። የደብረ ማርቆስ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ በቆርቆሮው ላይ 24 ሰዓት ያለው ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በክረምት ደግሞ ላዩ ላይ ሰም መሳይ ነገር ይወጣል፤ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። ሞተር ጠቅላዮች የሚጠቀሙበት ቫርኒሽ በምድጃ የሚበስል ከሆነ ተዉት፤ ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል።

ጨርሶ ሲጠጥር ውታፎቹ ይነሣሉ፣ ሽብልቁ በፒንሳ ይሳባል፣ ቱቦው ይጨመቃል። የ5 ሚሊው ክፍተት ሲገጥም ዲያሜትሩ በ1.6 ሚሊ ስለሚያንስ ቱቦው ያለ ትግል ይወጣል። የሚሳበው ቱቦው እንጂ የሚገፋው ኮይሉ አይደለም። ፌስታሉ በመጨረሻ ወደ ውስጥ ይላጣል። ከዚያው ቱቦ 5 ሚሊ ስፋት ያላቸው ሁለት የተሰነጠቁ ቀለበቶች ተቆርጠው በሁለቱ አፎች ይለጠፋሉ፤ እያንዳንዱ 2 ግራም ቢመዝን ነው፣ ሳይኖሩ ግን የጫፉ ዙሮች መጀመሪያ ይላቀቃሉ። የአናቱን ሽቦ በኮይሉ ውስጥ ወደ ታች አታሳልፉ፤ ብልጭታው ያንኑ መንገድ ይይዛል።

ቴስተሩ ከ38 እስከ 39 ኦም ማንበብ አለበት። ቴስተር የተበጠሰን እንጂ ሾርት ያደረገን ዙር አያሳይም፤ ከ700 አንድ ዙር ቢቀነስ ንባቡ ላይ አይታወቅም። ሽቦው ደህና ሆኖ ብልጭታው ደካማ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ከባሕር ወለል የተጻፉ የብልጭታ ሰንጠረዦችን እንዳሉ አትውሰዱ። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳር ላይ 80 በመቶ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 74 በመቶ ያህል ስለሆነ በሳንቲ 30 ኪሎ ቮልት የሚባለው እዚህ ወደ 24ና 22 ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ያው ኮይል እዚህ ረዘም ያለ ብልጭታ ይሰጣል፣ በራሱ ገላ ላይም ቶሎ ይሮጣል። ብልጭታ በኮይሉ ቁመት ሲሮጥ ካያችሁ ወዲያው አጥፉና ሰከንደሪውን ከፕራይመሪው (ከታች ካለው ጥቂት ዙር ያለው ኃይል ሰጪ ጥምጥም) 1 ወይም 2 ሳንቲ ከፍ አድርጉት፤ የሁለቱ መጣመር በዝቷል ማለት ነው። ቱቦ ስለሌለ ኢፖክሲው አንዴ ከከሰለ ከሰሉ ራሱ መንገድ ይሆናል፤ ጥቁሩ ተፍቆ ካልተቀባ በሚቀጥለው ማብራት እዚያው ይደግመዋል።

ኃይሉ ከ12 ቮልት ትራንዚስተር ወይም ከአሮጌ ቴሌቪዥን ፍላይባክ (ለስክሪኑ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚሰጠው ትራንስፎርመር) ይምጣ። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ይገድላል፣ ለዚህ ሥራ አይታሰብ። የሰከንደሪው የታች ጫፍም ከቤቱ መሬት ሽቦ ጋር ሳይሆን ለብቻው በተተከለ ብረት ላይ ይታሰር።