አይደገምም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾማችሁ ዛሬ ለፈታችሁ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ሙስሊም ወዳጆቼም፣ የጎረቤት በዓል የራስ በዓል ነውና ለእናንተም መልካም ቀን ይሁንላችሁ።

የምጽፍላችሁ አዳማ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሽንኩርት ስንከትፍና ስናቁላላ ነው ያደርነው። ጠዋት ድስት የማወርድበት ጨርቅ ፈልጌ የእናቴን ቁምሳጥን ስከፍት፣ ታች ተጣጥፎ የተቀመጠ ቲሸርት እጄ ገባ። ደረቱ ላይ አንድ ቃል ተጽፏል። «አይደገምም»።

እናቴ አየችኝ። «እሱን ተይው ልጄ፣ ቦታው መልሽው» አለች። ሌላ ጨርቅ ሰጠችኝና ወደ ድስቷ ተመለሰች። ብዙዎቻችሁ ይህን ቲሸርት ታስታውሱታላችሁ። ለማታስታውሱት ልንገራችሁ።

መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ፣ የኢሬቻ በዓል ሊያከብር የወጣ ሕዝብ መሀል አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ሰው እየተረጋገጠ ገደል ገባ። መንግሥት የሞቱት 55 ናቸው አለ። ተቃዋሚዎች ቁጥሩ ከዚያ በብዙ ይበልጣል አሉ። ስንት ሰው እንደሞተ እንኳ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን የሚያስፈጽመው አካል ስም፣ «ኮማንድ ፖስት» የሚለው ቃል፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች አፍ ላይ ሳይቀር ገባ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ብዙው ክስ የሚባል ነገር አላየም። ጦላይና አዋሽ አርባን ወደመሳሰሉ ካምፖች ተወስዶ «ተሃድሶ» ተሰጠው። ታኅሣሥ ላይ፣ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ተለቀቀ። ሲለቀቁ ያን ቲሸርት ለብሰው ነበር።

ከነሱ አንዱ ወንድሜ ነው። ያኔ ተማሪ ነበር። ጥቅምት ላይ ሌሊት መጥተው ወሰዱት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። እኛ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ የት እንዳለ እንኳ አላወቅንም። እናቴ ምሳ ዕቃ ይዛ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ዞረች። «እዚህ የለም» ይሏታል። በአራተኛው ቀን ነው የተገኘው።

ያን ጊዜ ሰፈሩ ጸጥ አለ። ሰላምታ የሚሰጠን ሰው ቀነሰ። «ያለ ነገር አይዙትም» የሚል ወሬ ጆሯችን ደረሰ። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ አልራቀችንም። ከአንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ ከአንድ ቧንቧ ነው የምንቀዳው። እኔ እትዬ ነው የምላት። እናቴን ብቻዋን አንድ ቀን አልላከቻትም። አብረው ይሰለፋሉ። ተራቸው ሲደርስ ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ያስከፍታል፣ እንጀራውን ይገላልጣል፣ ወጡን በማንኪያ ያማስላል። ከዚያ «ቅመሽ» ይላል። እናቴ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ የምትቀምሰው እትዬ ነበረች። ለወንድሜ ብላ ከእናቴ ድስት የወጣ ወጥ፣ ጠመንጃ በያዘ ሰው ፊት ትቀምስ ነበር። ትግርኛ ተናጋሪ ናት። ያን ጊዜ ብዙ ሰው መንግሥትን ሲሰድብ «ወያኔ» እያለ እሷንም ጨምሮ ይሰድባት ነበር። እሷ ግን በኛ ቤት ላይ አልቆጠረችውም።

ወንድሜ መጣ። ከስቶ ነበር። ቲሸርቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለው። «ምንድነው የማይደገመው?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። አሁንም ያናድደኛል። ያጠፋው አሳሪው፣ አይደግመኝም የሚለው ታሳሪው። ቃሉን የተሸከመው የተሳሳተ ደረት ነው።

ከዚያስ? ተደገመ። በ2010 ሌላ አዋጅ መጣ። ያ ዓመት ብዙ ተስፋም ነበረው። እነ ፖለቲከኛው በቀለ ገርባ፣ እነ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ ተፈቱ፣ የምርመራ እስር ቤቱ ማዕከላዊ ተዘጋ፣ አለቀስን፣ ጨፈርን። ግን በጥቅምት 2012 በገዛ ከተማችን በአዳማ ሰው ሞተ። በአገሪቱ 86 ሰው መገደሉን መንግሥት ራሱ ተናገረ። ለቅሶ ቤት ሄደን የሟቾቹን ብሔርና ሃይማኖት ቆጠርን። ሰኔ 2012 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፣ ሌላ ደም፣ ሌላ እስር። ከዚያ የትግራዩ ጦርነት መጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 እንደገና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ሌላ። ስሙ ይለዋወጣል። አንድ ሰሞን «ጠባብ» እና «ትምክህተኛ»፣ አንድ ሰሞን «ፀረ ሰላም»፣ ከዚያ «ጁንታ»፣ «ሸኔ»፣ «ጽንፈኛ»። መጀመሪያ ስሙ ይወጣል፣ ከዚያ ስሙ የሚለጠፍበት ሰው ይፈለጋል።

አሁን የምነግራችሁን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም። በ2014ቱ አዋጅ የእትዬን ባል ወሰዱት። ጡረታ የወጣ፣ ስኳር ያለበት ሰው ነው። ወንጀሉ መታወቂያው ላይ «ብሔር» ከሚለው ፊት የተጻፈው ቃል ነበር። በዚያ ዓመት የገና ጠዋት በመስኮት ሳይ፣ እትዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ ምሳ ዕቃውን በጨርቅ አስራ በሩ ላይ ባጃጅ ትጠብቃለች። ብቻዋን። ያን ቀን መውጣት ነበረብኝ። ጫማዬ እዚያው በሩ ጥግ ነበር። መጋረጃውን መለስኩት።

ፈርቼ ነበር፣ እውነት ነው። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ግን ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። ውስጤ «ያለ ነገር አይዙትም» የሚል ድምፅ ነበር። ያው በ2009 እኛን ያቃጠለን ቃል።

የዚያኑ ቀን፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ መንግሥት ትልልቅ እስረኞችን ፈታ። እስክንድር ነጋ፣ ጃዋር መሐመድ፣ በቀለ ገርባ፣ ስብሐት ነጋ፣ ሌሎችም። ስልኬ በመልእክት ተጥለቀለቀ። ሁሉም አንዱን ስም እያነሳ ይደሰታል፣ በሌላው ስም ይናደዳል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንዱ ሲፈታ እልል አልኩ፣ ሌላው ሲፈታ «እሱማ ይበስብስ!» አልኩ። ሁሉም ሰው የራሱ እስረኛ ነበረው። ሁሉም ፍትሕ ይል ነበር፣ ግን የእኔን ፍቱልኝ ማለቱ ነበር። የእትዬ ባል ስሙ በዜና የሚነበብ ሰው አይደለም። የተፈታው የካቲት ላይ አዋጁ ሲነሳ ነው። ክስ አልነበረበትም። ይቅርታ የጠየቀውም የለም።

ስለ ይቅርታ ትንሽ ልበል። በአገራችን ይቅርታ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። በ1999 የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት መሪዎች ይቅርታ ጠይቀናል የሚል ወረቀት ፈርመው ነው የወጡት። ከነሱ አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ ስለዚያ ይቅርታ ውጭ አገር በተናገረችው ምክንያት በ2001 ተመልሳ ታስራ እስከ 2003 መጀመሪያ ቆየች። እስክንድር በ2010 አሸባሪ የተባለው የግንቦት 7 ድርጅት አባል ነኝ ብለህ ፈርም ሲባል አልፈርምም አለ። ያልሠራውን ሠራሁ አልልም ማለቱ ነው። ከዚያ ባልተናነሰ የከበደኝ ደግሞ የኦነግ (የኦሮሞ ነፃነት ግንባር) አመራሮች ጉዳይ ነው። በ2012 ታስረው፣ ፍርድ ቤት ይለቀቁ እያለ፣ የወጡት 2016 ሊያልቅ ሲል ነው። አንዱ ወገን ለፊተኛው ጮኸ፣ ሌላው ለኋለኛው። አሳሪውም ይህን ያውቃል። ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጮህ ሕዝብ ቢያይ እንዲህ አይቀለውም ነበር።

ይኸው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 የሚባልም አለው። ሰውን ያለ ፍርድ መግደል፣ አስገድዶ መሰወር፣ ኢሰብዓዊ ድብደባ፣ በእነዚህ ወንጀሎች ተጠያቂ የሆነ ሰው ክሱ በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፍም ይላል። ሚያዝያ 2016 ደግሞ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። ወረቀቱ አለ። እናቴ ያን ቲሸርት ለምን እንዳስቀመጠችው አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር። «ይቀመጥ» አለችኝ። «አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ይመጣል፤ ምን ይዘሽ ነው ሲለኝ አሳየዋለሁ።» ዛሬ ሌሊት በቅዳሴው መሀል እሷን አስብ ነበር። የልደት ታሪክ ውስጥ ሄሮድስም አለ። ሕፃናቱ ያለቁባት ራሔልም አለች፣ «መጽናናትም አልወደደችም» የተባለላት። እናቴም የምትጠብቀው ማጽናኛ አይደለም፣ የሚጠይቅ ሰው ነው።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ስለዚህ ዛሬ ለጌቶቻችን ልናገር። ክስ የሌለበትን ሰው ልቀቁ። ፍርድ ቤት ልቀቁ ያለውንም ልቀቁ። የያዛችሁትን ሰው የት እንዳደረጋችሁት ለእናቱ ንገሯት። የገደለና ያሰቃየ ሰው ደግሞ የየትኛውም ብሔር ልጅ ይሁን፣ የየትኛውም ፓርቲ አባል፣ ዳኛ ፊት ይቁም። የበዓል ስጦታ አድርጋችሁ አትስጡን።

ለእኛም የምለው አለኝ። ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት የሄድኩ ቀን «ብሔር?» ተባልኩ። አባቴም እናቴም የተለያየ ነው አልኩ። «አንዱን ምረጪ» አለኝ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል። አንዱን መረጥኩ። በዚያች መስመር የእናቴ ግማሽ ቀረ። ፋይዳ መታወቂያ ላይ ያ መስመር የለም፣ ጥሩ ነው። ከአፋችን ግን ገና አልወጣም። ሰው ታሰረ ሲባል ምን አደረገ ከማለታችን በፊት የየት ነው እንላለን።

የዛሬ ሁለት ዓመት በገና ለእትዬ ያን ጠዋት ነገርኳት። መስኮቱን፣ መጋረጃውን፣ ሁሉንም። ዝም ብላ ሰማችኝ። «አይቼሽ ነበር» አለች። ቡናውን ቀዳችና ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ስለሱ አልተናገረችም።

አሁን ረፋድ ሆኗል። ወጡ በስሏል። ለአባታችን ፈረሰኛው ተቀምጧል። ሰፈራችን ሱቅ የሚሠራ አንድ ልጅ ኅዳር ላይ ተይዟል። ዘመዶቹ ሩቅ ገጠር ናቸው፣ ስንቅ የሚያቀብለው የለም። የየት ልጅ እንደሆነ አልጽፍላችሁም። ልታውቁ እንደፈለጋችሁ ይገባኛል፣ እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው። እናቴ ምሳ ዕቃው ውስጥ ሁለት ብልትና እንቁላል አደረገች። እትዬ ድፎ ዳቦ ይዛ መጥታለች፣ በሩ ላይ ቆማ «ቶሎ በይ፣ ሰልፉ ይረዝማል» እያለችኝ ነው። ባጃጁ መጥቷል። ጫማዬን ላድርግ።

መልካም ገና።