የካምሻፍት ታይሚንግ፦ ምልክቱን ከማመን በፊት መለካት

ባለፈው ክረምት አንድ የሠፈራችን ወጣት ባለ 150 ሲሲ ሞተር ብስክሌቱን እየገፋ ደጄ ድረስ አመጣልኝ። ከሁለት ወር በፊት ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) ተፈትቶ፣ ቶርኖ ቤት ተልጎና ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ተቀይሮ ተገጥሞለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ይነሣል፣ ነገር ግን ያለ ጋዝ ሲተዉት ይንቀጠቀጣል፣ አልፎ አልፎም በካርቡራቶሩ በኩል ይተፋል፤ ጋዝ ሲጨመርለት ደግሞ ከመካከለኛ ፍጥነት በላይ ይታፈናል። «ጋሼ፣ ኮምፕሬሽኑ ደህና ነው ይሉኛል፤ ታዲያ አቅሙ የት ሄደ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፣ መልሱም ያለው እዚያው ኮምፕሬሽኑ ውስጥ፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን በሚያምቅበት ግፊት ውስጥ ነበር።

የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ኮምፕሬሽኑ 12 ባር ያህል መሆን እንዳለበት ይገልጻል። ይህ ቁጥር ግን በባሕር ወለል አካባቢ ላለ አየር የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ በዚያ ልክ ጤነኛ ሞተርም እዚህ የሚያሳየው 9 ባር አካባቢ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት ደኅና ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ያለጊዜው እንደተቀየረ ሳስብ ያሳዝነኛል። የዚህ ልጅ ሞተር ግን 10 ባር አሳየ። ከሚጠበቀው በላይ ኮምፕሬሽን ያለው፣ ነገር ግን በከፍተኛ ፍጥነት አቅም የሚያጣ ሞተር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካምሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ዘንግ፣ ወደፊት ቀድሞ መገጠሙን ነው። መግቢያ ቫልቩ ቶሎ ሲዘጋ፣ ሞተሩ በእርግጫ ሲዞር ሲሊንደሩ ብዙ አየር ያምቃል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ገና በመግባት ላይ ያለውን አየር በሩ ይዘጋበታል።

ካምሻፍቱ (ባጭሩ ካሙ) የሚዞረው ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያዞረው ዋናው ዘንግ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በካሙ ላይ የሚፈጠር ስሕተት በክራንክሻፍት ዲግሪ ሲቆጠር እጥፍ ይሆናል። ሰንሰለቱ ካሙን የሚያዞርበት ጥርሳም ክብ 34 ጥርስ ካለው አንድ ጥርስ ማለት 10.6 የካም ዲግሪ፣ ማለትም 21 የክራንክሻፍት ዲግሪ ነው። «አንድ ጥርስ ብቻ ነው የሳተው» የሚለው አነጋገር ስሕተቱን እጅግ አሳንሶ ያሳያል።

ብዙ ሰው ታይሚንግ፣ ማለትም የካሙንና የክራንክሻፍቱን መናበብ፣ የሚገጥመው በፍላይዊሉ (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ባለው ከባድ ክብ) ላይ ያለውን፣ የፒስተኑን የላይ ጫፍ የሚያመለክተውን የ«ቲ» ጭረት ከካርተሩ (ከሞተሩ ቋት) ምልክት ጋር፣ በካሙ ጥርሳም ክብ ላይ ያለውን ጭረት ደግሞ ከቴስታታው ገጽ ጋር በማስተካከል ነው። አሠራሩ ትክክል ነው፤ እኔም የምጀምረው ከዚያ ነው። ነገር ግን በሆንዳ ሞተሮችና በእነሱ አምሳል በተሠሩት ላይ ከ«ቲ» አጠገብ «ኤፍ» የሚል ሌላ ጭረት አለ፤ እርሱ የሚያመለክተው ካንዴላው የሚለኩስበትን ቅጽበት ሲሆን ፒስተኑ ጫፍ ላይ ከመድረሱ 15 ዲግሪ ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል። በዘይትና በዝገት በተሸፈነ ፍላይዊል ላይ፣ በጠባቧ መስኮት በኩል ሲታዩ ሁለቱ ጭረቶች በቀላሉ ይምታታሉ። «ኤፍ»ን «ቲ» ነው ብሎ የያዘ ሰው የካሙ ጭረት በ7.5 ዲግሪ ወደኋላ ቀርቶ ያገኘዋል፤ ካሙን አንድ ጥርስ ወደፊት ቢያራምደው ደግሞ ጭረቱ በ3 ዲግሪ ብቻ ያልፋል። ዓይን የቀረበውን ስለሚመርጥ፣ ሰውዬው በጥንቃቄ እየሠራ ሳለ የተሳሳተውን ጥርስ ይመርጣል። በዚህ ሞተር ላይ የተፈጸመውም ይኸው ይመስለኛል፤ የሠራው ሰው ቸልተኛ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም።

እኔ ለዚህ ሥራ የምጠቀምባቸው መሣሪያዎች አራት ናቸው፣ ሦስቱንም በቤቴ የሠራኋቸው ናቸው። የመጀመሪያው ከ0 እስከ 360 የተከፋፈለ ክብ የዲግሪ ሰሌዳ ነው፤ በወረቀት አትሜ በቀጭን አልሙኒየም ላይ ለጥፌዋለሁ። ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር ስለሆነ በጠርዙ ላይ አንድ ዲግሪ 1.7 ሚሜ ይሆናል፣ ያም ለዓይን ይበቃል፤ ከአሮጌ ሲዲ የሚሠራው ግን አንድ ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሰጥ ዓይን ያደክማል። ሁለተኛው ከካርተሩ ብሎን ጋር ታስሮ ወደ ሰሌዳው የሚጠቁም፣ ጫፉ የሾለ ጠንካራ ሽቦ ነው። ሦስተኛው የፒስተን ማቆሚያ ሲሆን ነጩ ሸክላ ከወጣለት አሮጌ ካንዴላና ጫፉ ከተድቦለቦለ ቀጭን ብሎን ይሠራል። የገዛሁት አራተኛውን፣ ጥቃቅን እንቅስቃሴን በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚያሳየውን ዳያል ጌጅ ብቻ ነው።

በሥራው ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው የፒስተኑን እውነተኛ የላይ ጫፍ ለማግኘት ነው፤ እዚህ ላይ ሁለት ዲግሪ የሳተ ሰው ቀጥሎ የሚለካው ሁሉ በዚያው ልክ ይሳሳታል። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ የቆመ ያህል ይዘገያል፤ ስትሮኩ (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚጓዘው ርቀት) 58 ሚሜ ገደማ በሆነ ሞተር ላይ ክራንክሻፍቱ ከጫፉ 2 ዲግሪ ሲርቅ ፒስተኑ የሚወርደው 0.02 ሚሜ ያህል ብቻ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ እስክሪብቶ ሰድዶ «ደረሰ» ማለት ስለዚህ ዋጋ የለውም። ከጫፉ 45 ዲግሪ ርቆ ግን ፒስተኑ በአንድ ዲግሪ 0.4 ሚሜ ያህል ይጓዛል፣ ማቆሚያውም የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። ማቆሚያው ቫልቮቹን እንዳይነካ ሮከሮቹን (ቫልቮቹን የሚጫኑትን ክንዶች) አላልቼ እገጥመዋለሁ፣ ክራንክሻፍቱን በእጅ ቁልፍ ቀስ ብዬ እስኪነካ አዞራለሁ፣ አነባለሁ፤ ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ አዙሬ ዳግመኛ አነባለሁ። በዚህ ሞተር ላይ አንዱ ወገን 37፣ ሌላው 45 አሳየ። ድምሩ 82፣ ግማሹ 41 ነውና ሁለቱም ወገኖች 41 እስኪያሳዩ ድረስ ጠቋሚውን ሽቦ አንቀሳቀስሁት። አሁን የሰሌዳው ዜሮ እውነተኛው ጫፍ ሆነ። ማቆሚያው ገብቶ ሳለ እርግጫም ሆነ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ፈጽሞ መነካት የለበትም፤ ፒስተኑ ይበሳል።

ወደ ቫልቩ ስንመጣ የመጀመሪያው ችግር የዳያል ጌጁ ማግኔት አልሙኒየም ላይ አለመያዙ ነው። እኔ 5 ሚሜ ውፍረት ያለው የብረት ቁራጭ በቴስታታው ክዳን ብሎን አስሬ ማግኔቱን በእርሱ ላይ አቆማለሁ። የጌጁ ዘንግ ከቫልቩ ግንድ ጋር ትይዩ ሆኖ የስፕሪንጉን ቆብ ጠርዝ መንካት አለበት፤ 20 ዲግሪ ያህል ካዘነበለ ንባቡ በ6 በመቶ ይዛባል። የቫልቩ ክፍተት መጽሐፉ በሚለው ልክ ከተስተካከለና የሰንሰለቱ መወጠሪያ ተገጥሞ በኃይሉ እየገፋ ከሆነ በኋላ፣ ክራንክሻፍቱን ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ አዞራለሁ። የምፈልገውን ቁጥር ካለፍሁት ጥቂት ወደኋላ መልሶ ማንበብ አይሆንም፤ ሩብ ዙር ያህል ተመልሼ እንደገና ወደፊት እመጣለሁ፣ አለዚያ የላላው የሰንሰለት ወገን ውሸት ይናገራል።

መጽሐፉ መግቢያ ቫልቩ 1 ሚሜ የሚነሣው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ከመድረሱ 10 ዲግሪ በፊት፣ የሚዘጋው ደግሞ ከታችኛው ጫፍ 35 ዲግሪ በኋላ ነው ይላል። ጠቅላላ ቆይታው 225 ዲግሪ ነው፤ የግማሹ፣ የ112.5፣ እና የ10 ልዩነት የካሙን መካከል ከላይኛው ጫፍ በኋላ 102.5 ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ያነበብሁት 28 እና 17 ነበር። ቆይታው አሁንም 225 ነው፣ ስለዚህ ካሙ አልተበላም፤ መካከሉ ግን 84.5 ላይ ነበር። ካሙ 18 ዲግሪ ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

አንድ ጥርስ ወደኋላ መልሼ ስለካው 7 እና 38 ሆነ፣ መካከሉም 105.5። ከመጽሐፉ በ3 ዲግሪ ዘገየ። ይህን ቀሪ ልዩነት ምልክት ብቻ የሚያይ ሰው አያገኘውም። ቴስታታው በተላገ ቁጥር ካሙ ወደ ክራንክሻፍቱ ይቀርባል፣ የሚጎትተው የሰንሰለት ወገን በዚያው ልክ ይላላል፣ ካሙም ይዘገያል። የሰንሰለቱ እርከን (ከአንዱ ሚስማር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) 6.35 ሚሜ በሆነበት በባለ 34 ጥርስ ካም ላይ 0.5 ሚሜ መላግ 1.7 የክራንክሻፍት ዲግሪ ያህል ያዘገያል፤ ልጁም እንደነገረኝ የተላገው ግማሽ ሚሊሜትር ነበር። የቀረው ከሰንሰለቱ መርዘም የመጣ መሆን አለበት። አዲስ ሰንሰለት አስገዝቼው ስገጥም መካከሉ 104 ላይ መጣ።

የመጨረሻውን 1.5 ዲግሪ እንዳለ ተውሁት። የካሙን ጥርሳም ክብ የብሎን ቀዳዳዎች በሞላላ ሞርዶ ማስተካከል ይቻላል፤ ብሎኖቹ ከመካከሉ 20 ሚሜ ቢርቁ በ0.35 ሚሜ ሙረዳ 2 የክራንክሻፍት ዲግሪ ይገኛል። ነገር ግን ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ጥርሳሙን ክብ የሚይዘው የብሎኑ ጥብቀት ብቻ ነው፤ ዕቃ ለሚያመላልስ ሞተር ለአንድ ዲግሪ ተኩል ሲባል ያን አደጋ አላስገባም። ስሕተቱ 4 ወይም 5 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ሞርጄ፣ በክር ማጣበቂያ አስሬ፣ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ያላቸውንም ርቀት በልጆች መጫወቻ ፕላስቲሲን እለካ ነበር፤ ለመግቢያው ከ1.5፣ ለመውጫው ከ2 ሚሜ ባነሰ ርቀት ሞተር አልዘጋም።

ከመዝጋቴ በፊት ክራንክሻፍቱን ሁለት ሙሉ ዙር በእጄ አዙሬ ዳያል ጌጁ ወደ ዜሮ መመለሱን አየሁ፣ በፍላይዊሉም ላይ እውነተኛውን «ቲ» በነጭ ቀለም፣ «ኤፍ»ን በቀይ ቀባሁ። ሞተሩ በሁለተኛው እርግጫ ተነሣ፣ ያለ ጋዝም ተረጋግቶ ሠራ። ኮምፕሬሽኑን ዳግመኛ ስንለካው 9 ባር ነበር፤ ልጁ ቁጥሩ መቀነሱን አይቶ ደነገጠ፣ ምክንያቱን በዲግሪ ሰሌዳው ላይ አስረዳሁት፣ ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ የእንጦጦን ዳገት ሊሞክር ሄደ።