በደብረ ብርሃን ብርድ እግር ሲያቃጥል

ደብረ ብርሃን ላይ «እግሬን ያቃጥለኛል» ያለ ሰው ይሳቅበታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳር ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እኔ ደግሞ በዚያ ሌሊት እግሬን ከብርድ ልብስ አውጥቼ እተኛለሁ።

ስኳር ነው። ብዙ ዓመት ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም ከእግር ጣት ነው። ክፍል ውስጥ ሳስተምር እረሳዋለሁ። ማታ ግን መጀመሪያ ይወረኛል፣ ከዚያ ይነዝረኛል።

ይህን የሰማ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። ቡና ላይ አንዷ ጎረቤቴ ከቦርሳዋ የክኒን እሽግ አወጣች፤ ስሙ ያለበት ጫፍ ተቀዷል። «እንቺ፣ ማታ አንድ ዋጪ። እንደ ሕፃን ነው የምትተኚው» አለችኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «የነርቭ ነው» ብቻ። ደግ ሴት ናት፣ ክኒኑን ግን አልተቀበልኩም። «የነርቭ» የሚባለው ክኒን አንድ ዓይነት አይደለም፤ አሚትሪፕቲሊንም ጋባፔንቲንም ለነርቭ ሕመም ይታዘዛሉ። የመጀመሪያው ፕሮስቴቱ ያበጠበትን ሰው ሽንት ሊዘጋበት ይችላል፣ ልብ ላመመውም ያሰጋል። ሁለተኛው የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል፤ ሲወሰድ ከርሞ በድንገት አይቋረጥም። በሁለቱም ላይ አረቄ መጨመር አደጋ ነው። እዚህ አገር ደግሞ አረቄ የብርድ መድኃኒት ነው!

እኔን የጠቀመኝ የምውጠውን ሁሉ በፌስታል ይዤ ፋርማሲ መሄዴ ነው። ባለሙያዋ አንድ በአንድ አየችና «ሜትፎርሚን ከጀመርሽ ቆየሽ? ትጾሚያለሽ?» አለችኝ። ሜትፎርሚን የስኳር ክኒኔ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል፤ እኛ ደግሞ ጾመኞች ነን። እጥረቱ ራሱ እግር ያደነዝዛል። ሐኪሜ ደሜን አስመረመረኝ፤ አንሶ ተገኘ። ከታከምኩ ወዲህ መደንዘዙ ረገብ ብሏል፣ ማቃጠሉ ግን አለቀቀኝም።

መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ሰው «ታዲያ የቫይታሚን መርፌውን በየሳምንቱ ተወጊው» ይለኛል። መርፌው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቢ6ም አለ። ቢ6 ደግሞ ሲበዛና ሲቆይ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ከማቃጠሉ ይልቅ የምፈራው መደንዘዙን ነው። አንድ ቀን ጫማዬ ውስጥ የጠመኔ ስባሪ ረግጬ ውያለሁ፤ ያወቅኩት ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ነው። አሁን ባለቤቴ ማታ ማታ ውስጥ እግሬን በስልኩ መብራት ያይልኛል። ከሰል ምድጃ ላይ እግሬን አላሞቅም። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ስሄድም ጫማዬን የማወልቀው ግቢው ውስጥ ስገባ ብቻ ነው፤ ክኒኔም ከቦርሳዬ አይለይም። አቋርጪው የሚሉኝ አሉ። የነፍስ አባቴ ግን «ጠበሉንም ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽንም ዋጪ» ብለውኛል።